ጠይቁን፦ «2147483647 የማን ስልክ ነው?»

የዚህ ወር አምድ በሙሉ ስለ አንድ ቁጥር ነው። አራት ኪሎ ያሉ አንድ ባለሱቅ ጠየቁን፣ ጥያቄያቸውን ባለፈው እትም «መልሱ በሚቀጥለው» ብለን ስናወጣው ሌሎች አንባቢዎችም ተከትለው ጻፉ። ሂሳብ የሚያስጠላችሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ዘላችሁ ወደ ሦስተኛው እለፉ፤ ቅር አይለንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። የደንበኞቼን ስምና ስልክ በደብተር ነበር የምይዘው። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል» ብሎ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሰው አሠራልኝና ሁሉንም አስገባነው። ሰሞኑን ዱቤ ያለባቸው ጋ ልደውል ብዬ ብከፍተው ግማሾቹ ስልካቸው ከፊቱ ዜሮ የለውም። የቀሩት ደግሞ ሁሉም አንድ ስልክ ነው ያላቸው፦ 2147483647። ብደውልለት አይሠራም። ያ ሁሉ ሰው አንድ ስልክ ሊኖረው አይችልም። የማን ነው? ቫይረስ ይሆን እንዴ?

*ባለሱቁ፣ ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ ጋሼ፣ አይደንግጡ፤ ቫይረስ አይደለም። ከደንበኞችዎም የማንም ስልክ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ለስልክ ያዘጋጀው ቦታ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ነው፣ ያውም በ32 ቢት የሚቀመጥ ቁጥር። ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ አንዲት ትንሽ ቦታ ናት። ከ32ቱ አንዷ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ለመለየት ትያዛለች። የቀሩት 31 ናቸው። የመጀመሪያዋ 1 ትቆጥራለች፣ ቀጥላ ያለችው 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ ይሄድና የመጨረሻዋ 1,073,741,824 ትቆጥራለች። ሁሉንም ሲደምሯቸው 2,147,483,647 ይመጣል። ከዚያ በላይ ማስቀመጫ የለም።

አሁን ወደ ደንበኞችዎ እንምጣ። በ09 የጻፏቸው ስልኮች ዜሮዋን አጥተዋል፣ ምክንያቱም ቁጥር ላይ ከፊት የምትመጣ ዜሮ ዋጋ የላትም። የሚቀረው ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ ዘጠኝ መቶ ምናምን ሚሊዮን። ያ ከሁለት ቢሊዮን በታች ስለሆነ በሰላም ገብቷል። በ07 የሚጀምሩትም እንደዚያው። በ251 ጀምረው የጻፏቸው ግን 12 አሃዝ አላቸው። 251 ቢሊዮን ከምናምን ማለት ነው። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ «ይሄ አይገባም» ብሎ መጮህ ነበረበት። እሱ ግን ይሉኝታ እንደያዘው ሰው መያዝ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር ጽፎ ዝም አለ። ለሁሉም ያንኑ ጻፈ።

የሚደረገው ይኸው ነው፦ ለፕሮግራም ሠሪው ደውለው የስልኩን ቦታ ከቁጥር ወደ ጽሑፍ እንዲቀይረው ያድርጉ። ስልክ ቁጥር ይባል እንጂ ማንም ደምሮት ወይም አባዝቶት አያውቅም። ከዚያ ዘጠኝ አሃዝ ያላቸው ላይ ከፊት ዜሮ ይጨመርባቸው። 2147483647 የሆኑት ግን ሄደዋል። ሁሉም አንድ ቁጥር ሆነው ስለተጻፉ ከዚያ ተነስቶ የማን የትኛው እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ደብተሩን እንዳልጣሉት ተስፋ አለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የባለሱቁን ጥያቄ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዱ «እኮ እሱ ቁጥር ፕራይም ነው» አለ። በምን አወቅህ ስለው «ጎግል» አለኝ። እሺ፣ ለጎግልስ ማን ነገረው? ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ነው የታወቀው ይባላል። ሁለት ቢሊዮን ምናምን የሚያህል ቁጥር ላይ ያንን ሁሉ ማካፈል ማን ተቀምጦ ሠራው?

*ተማሪዋ፣ ከስድስት ኪሎ*

መልስ፦ ጥያቄሽ ከጓደኛሽ መልስ ይሻላል። ተቀምጦ የሠራው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። የስዊዝ ሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ ይኖር የነበረው ግን ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ። እ.ኤ.አ. በ1772 ለዳንኤል ቤርኑሊ በላከው ደብዳቤ ይህ ቁጥር ብቸኛ (ጓደኛሽ ፕራይም ያለው) ነው፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም አለ። ያኔ ጎንደር ናት መናገሻዋ፤ አዲስ አበባ ልትቆረቆር ገና ከ100 ዓመት በላይ ይቀራታል። ኦይለር ደግሞ 60 ዓመት አልፎታል፣ አንድ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፣ ሁለተኛውም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። አብዛኛውን ሂሳብ በጭንቅላቱ የሚይዝ ሰው ነበር።

ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ግን አላካፈለም። እንዴት እንዳመለጠ እንይ፣ ትንሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ፣ አካፋይ ካለ ጥንድ ነው። አንዱ ትልቅ ከሆነ ጓደኛው ትንሽ ይሆናል። 46,340 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ትንሽ ያንሳል፣ 46,341 በራሱ ሲባዛ ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ እስከ 46,340 ድረስ አካፋይ ካልተገኘ ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። ሁለት ቢሊዮኑ በአንድ ጊዜ ወደ 46 ሺህ ወረደ። ከእነሱም መሞከር ያለባቸው ብቸኛ የሆኑት ብቻ ናቸው። ይህም ሆኖ ከ4,700 በላይ ይሆናሉ። በእጅ ማካፈል ለሚያውቅ ሰው ይሄ የወራት ሥራ ነው።

ኦይለር ይህን የሚያሳጥርበት ዘዴ ነበረው፣ ዘዴው ደግሞ ቀሪን መከተል ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዘመድ ካለሽ ይሄን ከእኔ ይልቅ ጥሩ አድርጎ ያስረዳሻል። የ2018 ዓ.ም. አጽዋማትን ለማውጣት ዓመተ ዓለሙን 7518 ይዞ 19፣ 19ኙን ይገድፋል፣ ማለትም ከ19 በታች እስኪቀር ድረስ 19 እየቀነሰ ይጥላል። 13 ይቀረዋል። አንዱን ያነሳና ወንበር 12 ይላል። ከዚያ በኋላ 7518 የሚባለውን ትልቅ ቁጥር ዞር ብሎም አያየው። 12ን በ11 ያባዛል፣ 30፣ 30ውን ይገድፋል፣ አበቅቴ 12 ብሎ ይጨርሳል። ትልቁ ቁጥር ሄዷል፣ የሚፈለገው ነገር ሁሉ ቀሪዋ ውስጥ አለ።

የእኛ ቁጥር 2ን 31 ጊዜ አባዝተሽ አንድ ስትቀንሺ የሚመጣው ነው፤ 2³¹−1። እንግዲህ 311 ያካፍለው እንደሆነ ልንፈትሽ ነው። ባለ አስር አሃዙን ቁጥር መንካት የለብንም። 2¹⁰ ማለት 1,024 ነው፤ 311ን ሦስቴ ስንገድፍ 91 ይቀራል። 2²⁰ እንግዲህ 91 በ91 ነው፣ 8,281፤ ሲገደፍ 195። 2³⁰ ደግሞ 195 በ91፣ 17,745፤ ሲገደፍ 18። አንዴ እጥፍ ሲሆን 36። አንድ ሲቀነስ 35። ዜሮ አልሆነም፣ ስለዚህ 311 አያካፍለውም። አለቀ። የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ይበቃል ይሄ ሂሳብ።

ግን ለምን 311ን መረጥን? ለምን 307ን ወይም 313ን አይደለም? የኦይለር ብልሃት እዚህ ጋ ነው ያለው።

አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³¹−1ን ያካፍላል እንበል። ይህ ማለት 1 ብለሽ ጀምረሽ እያጠፍሽ፣ በዚያ ቁጥር እየገደፍሽ ብትሄጂ፣ በ31ኛው እርምጃ ተመልሰሽ 1 ላይ ትደርሻለሽ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ መመለስ አይቻልም፣ ምክንያቱም 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ዙሩ ወደ ትናንሽ እኩል ዙሮች አይከፈልም። ከኦይለር በፊት ደግሞ ፌርማ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1640 አንድ ነገር ተናግሯል፦ አካፋዩ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ከአካፋዩ አንድ ባነሰ የእርምጃ ብዛት ሁልጊዜ 1 ላይ ትገኛለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጊያቸው፣ ከአካፋዩ ላይ አንድ ሲቀነስ የሚቀረው የ31 ብዜት መሆን አለበት። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ የ62 ብዜት ይሆናል። ካላመንሽ በትንሽ ቁጥር ሞክሪው። 2¹¹−1 ማለት 2,047 ነው፣ እሱም 23 በ89 ነው። 22 የ11 ብዜት ነው፣ 88ም የ11 ብዜት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ አንድ ደንብ አለ፦ እንዲህ ያለ አካፋይ በ8 ሲገደፍ ወይ 1 ወይ 7 ብቻ ነው የሚቀረው። የዚህ ማስረጃ ረዘም ስለሚል እንለፈው። ሁለቱ ደንቦች ሲጋጠሙ መሞከር የሚገባቸው የ248 ብዜት ላይ 1 ወይም 63 የተጨመረባቸው ቁጥሮች ብቻ ይሆናሉ። 249፣ 311፣ 497፣ 559 እያለ እስከ 46,340 ድረስ። ቁጥራቸው 372 ነው። ከእነሱም 249 በ3፣ 559 በ13 ስለሚካፈሉ ይወጣሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው። ኦይለር ሁሉንም ሞከረ፣ አንዱም አላካፈለም።

«31 ብቸኛ ስለሆነ 2³¹−1ም ብቸኛ መሆኑ አይቀርም» የሚል ሰው ካጋጠመሽ በ29 አሸንፊው። 29ም ብቸኛ ነው። 233ን ያዢ፣ እሱ ላይ አንድ ሲቀነስ 232 ነው፣ የ29 ስምንት እጥፍ። 2¹⁰ በ233 ሲገደፍ 92፣ 2²⁰ ሲገደፍ 76። 2⁹ ደግሞ 46 ይቀረዋል። 76 በ46 ማለት 3,496 ነው፣ ከዚህ ላይ 3,495 ሲገደፍ የሚቀረው 1። አንድ ሲቀነስ ዜሮ! ተያዘ። 536,870,911 ማለት 233 × 1,103 × 2,089 ነው። በ29 የከሸፈው በ31 ተሳካ፣ ለዚህም ነው አንድ በአንድ መፈተሽ ግድ የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ጃን ሜዳ አካባቢ ነው የምኖረው። ቴሌግራም ላይ «በ2030 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ጠዋት የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል፣ ሰዓቱም እስከ ሰከንዱ ተነግሯል» የሚል ነገር እየዞረ ነው። እናቴ ለቡና ማኅበርተኞቿ በሙሉ አዳርሳዋለች። ከእናንተ ቁጥር ጋር ግንኙነት አለው የሚልም ሰማሁ። ወሬ ነው አይደል?

*ልጃቸው፣ ከጃን ሜዳ*

መልስ፦ እናትህን አትቆጣ። ቀኑ ልክ ነው። ሰዓቱም ልክ ነው። «ሁሉ ይቆማል» የሚለው ነው የተጋነነው።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚይዙት ከአንድ መነሻ ጀምረው ሰከንድ በመቁጠር ነው። መነሻው በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ያንን ቆጠራ በ32 ቢት የሚይዝ መሣሪያ የባለሱቁ ችግር ይደርስበታል። መያዝ የሚችለው የመጨረሻ ሰከንድ 2,147,483,647ኛው ነው። ያ ሰከንድ የሚውለው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። አዎ፣ ጥምቀት ነው። ታቦታቱ ከከተራ ጀምሮ ጃን ሜዳ አድረው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በብርዱ ቆሞ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ፈረንጆቹ ይህን ቀን ከሰከንድ ቆጠራ ብቻ ነው ያገኙት፤ የእኛ በዓል ላይ መውደቁ ግጥምጥሞሽ ነው።

በቀጣዩ ሰከንድ ምን ይሆናል? የታክሲ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 999999 ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ እንደሚዞረው ይዞራል፣ ግን ዜሮ ላይ አይቆምም። ያቺ ለምልክት የተያዘችው 32ኛ ቢት ትሞላና ቁጥሩ −2,147,483,648 ይሆናል። ከ1970 ወደ ኋላ ተቆጥሮ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ማለት ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45። መሣሪያው አጼ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ብሎ ያምናል።

የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ግን ባብዛኛው ጊዜን በ64 ቢት ስለሚይዙ አይነካቸውም። የእነሱ ቆጠራ የሚሞላው ከ292 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ማንም የማያስታውሳቸው፣ ግድግዳ ውስጥና ማሽን ሆድ ውስጥ የተቀበሩ የቆዩ መሣሪያዎች፣ አንዴ ተገጥመው ሃያ ዓመት የሚሠሩ። ደግሞ ችግሩ ጥር 11ን ላይጠብቅ ይችላል። ዛሬ የ20 ዓመት ብድር የመጨረሻ ክፍያ ቀን የሚያሰላ አሮጌ ፕሮግራም ካለ ችግሩ አሁኑኑ ይገጥመዋል። እናትህን እንዲህ በላት፦ አምፖል አይጠፋም፣ ስልክሽም አይሞትም፤ ጥምቀትሽን አክብሪ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩቲዩብ ላይ የአንድ ኮሪያዊ ዘፋኝ ቪዲዮ ተመልካች ቁጥር ይህንኑ ጣሪያ አልፎ፣ ኩባንያው ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት እንዳሳደገ ገልጾ ነበር። የ64 ቢቱ ጣሪያ 9,223,372,036,854,775,807 ነው። ሲያዩት ብቸኛ ይመስላል፣ ማንም እንዳይወራረድበት። 63 ራሱ 7 በ9 ስለሆነ 2⁶³−1 ገና ሲነኩት ይፈርሳል፤ በ7 ብቻ ሁለት ጊዜ ይካፈላል፣ በ73ም በ127ም ይካፈላል። የ16 ቢቱም 32,767 ከሱ አይሻልም፣ 7 × 31 × 151 ነው። ከአራቱ ከተለመዱት መጠኖች ጣሪያቸው ብቸኛ የሆነው የ8 ቢቱ 127ና የእኛው ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የዕቁብ ሰብሳቢ ነኝ። 40 አባላት አለን። ድሮ በተጠቀለለ ወረቀት ነበር ዕጣ የምናወጣው፤ አሁን አንድ ወጣት «እትዬ፣ ለምን ይቸግራችኋል» ብሎ ራሱ በስልኩ የሠራውን ፕሮግራም አመጣ። ይጫነዋል፣ ቁጥር ይወጣል። ሰው ግን ማጉረምረም ጀምሯል። በእርግጥ ዕጣ ነው ወይስ ስልኩ አስቀድሞ ያውቀዋል?

*ሰብሳቢዋ፣ ከለገሃር*

መልስ፦ እትዬ፣ ልጁን ሌባ አያድርጉት፤ ጥርጣሬው ግን መሠረት አለው። ስልክ ዕጣ አይጥልም። የሚያደርገው ሂሳብ ነው፣ ሂሳብ ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ከሰጡት ተመሳሳይ መልስ ነው የሚሰጠው።

ፕሮግራሞች ዕጣ የሚመስል ቁጥር የሚያወጡባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ከታወቁት አንዱ ይኸው የእኛ ቁጥር ነው። መንገዱን ያሰበው ዴሪክ ሌመር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት ሰዎች ቢያንስ ይሄን ተጠቀሙ ብለው ለፕሮግራም ሠሪዎች አሳሰቡ። አንድ መነሻ ቁጥር ይያዛል፣ ዘር ይሉታል። በ16,807 ይባዛል፣ ከዚያ በ2,147,483,647 ይገደፋል። ቀሪው የመጀመሪያው ዕጣ ነው። እሱ ደግሞ በ16,807 ይባዛል፣ ይገደፋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ዘሩ 1 ቢሆን የመጀመሪያው 16,807 ነው። ሁለተኛው 282,475,249። ሦስተኛው ሲባዛ 4,747,561,509,943 ይሆንና ሲገደፍ 1,622,650,073 ይቀራል። ለእናንተ 40 ሰው እያንዳንዱን በ40 ቢገድፉት 7፣ 9፣ 33 ይወጣሉ። ላየው ሰው የተበታተነ ዕጣ ነው። የቁጥሩ ብቸኛነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ብቸኛ በመሆኑና 16,807 በጥንቃቄ በመመረጡ (7 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው) ስሌቱ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንዴ አንዴ ሳይነካ ወደ መነሻው አይመለስም። አካፋይ ያለው ቁጥር ቢሆን ኖሮ ግን አንዳንድ መነሻዎች አጭር ዙር ውስጥ ገብተው እየተሽከረከሩ ይቀሩ ነበር።

ግን ልብ ይበሉ። ዘሩ 1 መሆኑን የሚያውቅ ሰው 7፣ 9፣ 33 እንደሚወጡ ዛሬውኑ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያሉትንም ሁሉ። ልጁን መጠየቅ ያለብዎት አንድ ነገር ነው፦ ዘሩን ማን ነው የሚመርጠው? «ስልኩ ራሱ ከሰዓቱ ይወስዳል» ካለ እሺ፣ ግን ማንም ሊያየው አይችልም። ከፈለጋችሁ በየሳምንቱ አባላቱ በተራ አንድ አንድ አሃዝ ይጥሩና ያ ዘር ይሁን፣ ሁሉም ፊት። እኔን ከጠየቁኝ ግን 40 ሰው ላለበት ዕቁብ የተጠቀለለች ወረቀት ምን አጠፋች? ገንዘብ ያለበት ነገር ላይ ሰው በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጠን ተከራከርን። ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አለ ወይስ የመጨረሻው እሱ ነው? ደግሞስ፣ ከኮምፒውተር ውጪ ምን ሊጠቅም ነው ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚፈልገው?

*ተከራካሪዎቹ፣ ከፒያሳ*

መልስ፦ የመጨረሻ የሚባል ብቸኛ ቁጥር የለም፤ ይህን ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት ነው የጨረሰው። ስለ ጥቅሙ ግን እናንተ ብቻ አይደላችሁም የጠየቃችሁት።

ፍጹም ቁጥር የሚባል አለ። የሚያካፍሉት ቁጥሮች፣ ራሱ ሳይቆጠር፣ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት። 6 ማለት 1፣ 2ና 3 ነው። 28 ማለት 1፣ 2፣ 4፣ 7ና 14 ነው። የእኛ ዓይነት ብቸኛ ቁጥር ሲገኝ ፍጹም ቁጥርም አብሮ ይገኛል፦ 7 ሲባዛ በ4 ያው 28፣ 31 ሲባዛ በ16 ደግሞ 496። የእኛው በ1,073,741,824 ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይሰጣል። ፒተር ባርሎው የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1811 ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም አለ። ምክንያቱ ሂሳባዊ አልነበረም። ጥቅም ስለሌለው ማንም አይደክምበትም ብሎ ነው!

ሰውዬው የሰውን ልጅ አላወቀውም። እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ 39 አሃዝ ያለውን 2¹²⁷−1ን ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። በ1883 ደግሞ ኢቫን ፔርቩሺን 2⁶¹−1ን አገኘ። ሙያው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ቄስ ነው፣ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቄስ። ነገሩን የሚያስቀው የእነዚህ ቁጥሮች ስም የወጣው ማረን መርሴን በተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ መሆኑ ነው፤ መነኩሴው በ1644 ባወጣው ዝርዝር ላይ 61ን ዘሏል፣ ብቸኛ የማይሰጠውን 67ን ደግሞ አስገብቷል። መነኩሴ የሳተውን ቄስ አገኘው ማለት ነው።

ዛሬ ፍለጋው የኮምፒውተር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነው 2ን 136,279,841 ጊዜ አባዝቶ አንድ በመቀነስ የተገኘ ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው። በአንድ ገጽ 4,000 አሃዝ ብናትም ከ10,000 ገጽ በላይ ይፈጃል፤ ዋና አዘጋጃችንን ጠይቀን እምቢ ብለውናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ያንን ቁጥር ብቸኛ ነው ስላት «ጎረቤቶቹስ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

*አባቷ፣ ከካዛንቺስ*

መልስ፦ በላይ ያለው 2,147,483,648 የ2 ብዜት ብቻ ነው፤ 2 በ2 እየተባዛ 31 ጊዜ፣ ሌላ ምንም የለበትም። በታች ያለው 2,147,483,646 ግን የገበያ ቀን ነው የሚመስለው፦ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። ካልኩሌተር ሳይሰጧት በወረቀት ታባዛው። 31 በ151 ላይ ትጀምር፣ 4,681 ይሆናል፤ ከዚያ በ331፣ 1,549,411 ይመጣል። የቀሩት ሲባዙ 1,386 ናቸው፣ የመጨረሻዋን ማባዛት ለራሷ ይተዉላት።